ሚስተር ዳውሰን ጣሪያ ያለው መኪና ለወጡ

ጣሪያው የሚከፈት መኪና የሚወድ ሰው ፀሐይ አገር ይኖራል ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ፀሐይ አገር ያለ ሰው መስኮቱን ዘግቶ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ነው የሚሄደው። ጣሪያ አልባው ሰው የሚኖረው እዚህ እኛ ዘንድ፣ ሰሜን ዮርክሻየር፣ ዝናቡ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ዘንቦ እሁድ ደግሞ የዘለለው ቤት ካለ ብሎ በሚመለስበት አገር ነው። በየመንገዱ አንድ አይጠፋም። ሁለት ግን አይኖርም፤ ለአንድ መንገድ የአንዱ ማስነጠስ ይበቃል።

የእኛ መንገድ ድርሻ ክቡር ሚስተር ማልኮም ዳውሰን ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሥራቸው ምን ነበር ብትሉኝ ጣሪያ ሠሪ። አርባ ዓመት ሙሉ የከተማችንን የፒከሪንግን ቤቶች ከዝናብ ሲያስጥሉ ኖረው፣ እሳቸው ራሳቸው በአናታቸው ላይ አንድ ክንድ ሸራ አይወዱም።

«ጣሪያ ለቤት ነው!» ይላሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራው የኖርኩትን ነገር፣ ደግሞ ለሽርሽር ስወጣ ተሸክሜው ልዙር?»

መኪናቸው ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ትንሽ፣ አረንጓዴ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነና ወደ ኋላ የሚታጠፍ ነበረች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሸራው ለረጅም ጊዜ ተዘርግቶ የቆየው አንዴ ብቻ ነው፤ የጎረቤት ድመት ወንበሯ ላይ የወለደች ጊዜ። ሚስተር ዳውሰን በእግራቸው ጣት እየተራመዱ ሄደው ሸራውን ዘረጉና ሦስት ሳምንት በእግር ሄዱ።

«ለድመት የተዘረጋው ለእኔ ምነው ከበደ?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ብሬንዳ።

«አራስ ናታ፣ ብሬንዳ!»

የዝናብ ሳይንስ አላቸው። እኔን አጥር ላይ አስደግፈው ስንት ጊዜ አስተምረውኛል። «አንቺ ልጅ፣ ዝናብ የሚመታው የቆመ ሰው ነው። በፍጥነት ከሄድሽ በፊት ለፊቱ መስታወት ላይ ተንሸራቶ ከላይሽ ያልፋል። አንድ ጠብታ አይነካሽም።» ሳይንሱ ልክ ነው ይባላል። ችግሩ የእኛ መንገድ ትራክተር ይበዛበታል። አንድ የኅዳር ቀን ከሣር ጫኝ ትራክተር ኋላ ተይዘው፣ በሰው እርምጃ እየሄዱ፣ ዝናቡ በአንገታቸው ሲገባ ገበሬው አንገቱን አውጥቶ ጮኸ፦

«አባቴ! ጣሪያዎ ተሰበረ እንዴ?»

«ደህና ነው!»

«ታዲያ ለምን አይዘጉትም?»

«አንተ ለምን አትፈጥንም?»

እሳቸውም አልዘጉም፣ ገበሬውም አልፈጠነም።

አለባበሳቸው ሥርዓት አለው። የሱፍ ኮፍያ እስከ ቅንድብ፣ የሞተረኛ መነጽር፣ ሁለት ጓንት አንዱ በአንዱ ላይ፣ ጭን ላይ ብርድ ልብስ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ሙቅ ውሃ የተሞላ የጎማ ከረጢት። የመኪናዋ ማሞቂያ ደግሞ እግር እግራቸውን እስከ መጨረሻው ይነፋል። ከወገብ በታች በጋ፣ ከወገብ በላይ ክረምት። እንደሳቸው ጣሪያ አልባ የሆነ ሌላ ሰው በመንገድ ሲያጋጥማቸው ሁለቱም አንድ እጃቸውን ከመሪው ላይ በቀስታ ያነሳሉ፤ ጳጳስ ሲባርክ እንደሚያነሳው። ያ ሰው ሸራውን ዘርግቶ ከሆነ ግን ሚስተር ዳውሰን አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። «ሸራ ዘርጋና ሰላም በለኝ! ደፋር!»

የዚህ ሁሉ ክብር ተካፋይ ወይዘሮ ብሬንዳ ነበሩ። ሁልጊዜ ሐሙስ ሐሙስ ዊትቢ የምትኖር እህታቸውን ለመጠየቅ፣ ቁጥቋጦ ብቻ የበቀለበትን ገላጣ አምባ አቋርጠው በዚያች መኪና ይሄዱ ነበር። አምባው ላይ ሦስት ባርኔጣ ቀርቶባቸዋል። «አንዱን በግ ሲበላው በዓይኔ አይቻለሁ» ይላሉ፣ ተናደው አይደለም፣ ለእውነቱ ያህል። ዊትቢ ወደቡ ጋ የትራፊክ መብራት ይዟቸው ሳለ የባህር ወፍ ከላይ ወርዶ ጭናቸው ላይ የነበረውን የተጠበሰ ዓሣ እንዳለ አንስቶባቸዋል። ሚስተር ዳውሰን ዓሣውን አላዘኑለትም። «ከቅርብ አየሽው? ጣሪያ ቢኖረን ይህን ታዪ ነበር?» አሉ።

ከዚያ ባለፈው ጥር የወይዘሮ ብሬንዳ ጆሮ ታመመ። ቀላል ሕመም አልነበረም፤ ሁለት ሳምንት ትራስ ላይ ጋደም ማለት አቃታቸው። ሐኪሟ ከነፋስ ይራቁ አለቻቸው። ወይዘሮ ብሬንዳ ቤት ገብተው፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ «ማልኮም፣ ከእንግዲህ በአውቶቡስ ነው የምሄደው» አሉ። ክርክር የለም፣ ለቅሶ የለም።

እኔ ዊትቢ ስለምሠራ በዚያው አውቶቡስ ነው የምሄደው። ስለዚህ ስምንት ወር ሙሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ አጠገቤ ወይዘሮ ብሬንዳ፣ ከመስኮቱ ውጪ ደግሞ ያች አረንጓዴ መኪና ከሚስተር ዳውሰን ጋር ስታልፈን አያለሁ። አጠገባቸው፣ ባዶው ወንበር ላይ፣ የሻይ ፔርሙስ በቀበቶ ታስሮ ተቀምጧል። ዊትቢ ስንደርስ ቀድመውን ደርሰው ፌርማታው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። እጃቸውን ይዘው ያወርዷቸዋል። ማታም እንደዚሁ ይሸኛሉ። ሰው ለገዛ ሚስቱ እንግዳ ተቀባይ ሲሆን ማየት ያስቃል። ሁለት ሳምንት ያህል ያስቃል። ከዚያ ወዲያ መስኮቱን ማየት ትቼ መጽሐፍ ማንበብ ጀመርኩ።

በመስከረም ሚስተር ዳውሰን ያልታሰበ ነገር አደረጉ። ማልተን የሚኖር አንድ ሰው ባለ ሁለት በር፣ ብርማ፣ ጣሪያው ብረት የሆነ የስፖርት መኪና ነበረው፤ እሱ ነፋስ ሲመኝ እሳቸው ጣሪያ ሲመኙ ተገናኙና ሊለዋወጡ ተስማሙ። ርክክቡ በራችን ላይ ሆነ። ሚስተር ዳውሰን ልጅ እንደሚድሩ ሁሉ አደራ ሲሉ ረፈደ። «ሦስተኛ ማርሽ ላይ አትቸኩልባት። ጠዋት ጠዋት ታጉረመርማለች፣ አትስማት። ሸራውን ደግሞ…» ሳይጨርሱ ማካፋት ጀመረ። ሰውየው ሸራውን ዘረጋ። ሚስተር ዳውሰን ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩና፣ መኪናዋ ጥጉን እስክትታጠፍ ድረስ፣ ቅጠል ሲመረምሩ ቆዩ።

«ምነው ጨከኑ?» አልኳቸው።

«ወንበሩ ባዶ ሆነብኝ» አሉ። ይህንኑ ብቻ።

የመጀመሪያው ሐሙስ ለመንገዱ ሁሉ በዓል ነበር። ወይዘሮ ብሬንዳ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ አዲስ ባርኔጣ አድርገው ወጡ። መጋረጃው ያልተገለጠ ቤት አልነበረም። ቀጥሎ ሚስተር ዳውሰን ወጡ፤ የሱፍ ኮፍያ፣ የሞተረኛ መነጽር፣ ድርብ ጓንት፣ ብርድ ልብስ፣ የጎማ ከረጢት። ብርማው መኪና ውስጥ ገቡና ሞተሩን ከማስነሳታቸው በፊት ሁለቱንም መስኮቶች እስከ ታች ከፈቱ። ማሞቂያውን ወደ እግር አዞሩት። ሄዱ።

እኔ ፌርማታዬ ሄጄ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አምባው ላይ ከትራክተር ኋላ ተይዘው ደረስንባቸው። ከፊት ወንበር ሆኜ ሁሉን አየሁ። በወይዘሮ ብሬንዳ በኩል ያለው መስታወት ወደ ላይ ይወጣል። እላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ተመልሶ ይወርዳል፤ ለካ በሹፌሩ በኩልም መክፈቻ አለው። ይወጣል። ይወርዳል። አዲሱ ባርኔጣ በሁለት እጅ ተይዟል። መኪናው በድንገት ጥጉን ይዞ ቆመ፣ ወይዘሮ ብሬንዳ ወረዱ፣ በሩን ዘጉና ለአውቶቡሳችን እጃቸውን አነሱ። አምባው ላይ እጅ ላነሳ ሁሉ ይቆማል።

«መኪናው ተበላሸ እንዴ፣ ወይዘሮ ብሬንዳ?» አለ ሹፌሩ።

«መኪናው ደህና ነው። የሚነዳው ነው።» መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «ደህና አደርሽ፣ የኔ አበባ።» ጆሯቸውን በመዳፋቸው ሸፍነዋል።

ብርማው መኪና አለፈን። በሚቀጥለው መገንጠያ ላይ ሚስተር ዳውሰን ወርደው፣ ከነመነጽራቸው መንገድ ዳር ቆመው፣ እጃቸውን አንስተው ጠበቁን። ሹፌሩ አቆመ። አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አደረጉ።

«ብሬንዳ፣ ዘግቼዋለሁ።»

«ለስንት ደቂቃ?»

«እስከ ዊትቢ።»

«ሂድ፣ ሹፌር» አሉ ወይዘሮ ብሬንዳ።

በሚቀጥለው ፌርማታ እንደገና ቆመው አገኘናቸው። «ደርሶ መልስ!»

«ሂድ፣ ሹፌር።»

ስሊትስ መንደር አፋፍ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ። «እስከ ፋሲካ!» ከኋላ አንዲት ሴት «ኧረ በቂ ነው፣ ይታረቁ!» አሉ። ከጎናቸው ያሉት አዛውንት «ዝም በይ፣ ገና ይጨምራል» አሏቸው። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። የዛን ዕለት ለሥራ የሚቸኩል ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

«ማልኮም» አሉ ወይዘሮ ብሬንዳ። «ለእኔ ብለህ ነው የለወጥከው?»

«ለማን ብዬ ነው?»

«ታዲያ ለምን ትከፍተዋለህ?»

ሚስተር ዳውሰን መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ፊታቸው ትንሽ ነበር። አውቶቡስ ሙሉ ሰው እያያቸው፣ ዓይናቸውን ጓንታቸው ላይ ተክለው፣ እንዲህ አሉ፦ «ጸጥ ይላል። ስዘጋው ጸጥ ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት ነፋሱ ነበር የሚያወራው። አሁን አጠገቤ ተቀምጠሽ… የምንለው ባይኖረንስ?»

ማንም አልሳቀም። ሴትየዋም፣ አዛውንቱም።

ወይዘሮ ብሬንዳ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «የምንለው? አንተ ሰውዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አፌን ዘግቼ የተቀመጥኩ መሰለህ? ስነግርህ ነበር! ከቤት እስከ ዊትቢ፣ ከዊትቢ እስከ ቤት! ስለ እህቴ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ እናትህ! አንተ ነህ ያልሰማኸው።»

«ምን ትነግሪኝ ነበር?»

«ከመጀመሪያው እጀምርልሃለሁ» አሉና ተነሱ። እኔም እግሬን ሰብስቤ አሳለፍኳቸው። ሲወርዱ ሚስተር ዳውሰን እጃቸውን ይዘው አወረዷቸው፤ ግን ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ፍርሃት ነበር ብል አላጋንንም።

ከዚያ ቁልቁለቱን ሁሉ ተከተልናቸው። መስኮቶቹ ዝግ ናቸው። በኋላው መስታወት የወይዘሮ ብሬንዳ ጣት ሲወጣና ሲወርድ፣ የሱፍ ኮፍያው ደግሞ እሺ እሺ ሲል ይታያል። ሚስተር ዳውሰን እንደዚያ ቀስ ብለው ሲነዱ አይቼ አላውቅም። ሹፌሩ «ልለፋቸው?» አለ፣ ለራሱም ይሁን ለእኛ። እኔ አውቶቡስ ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሰው «እባክህ ተዋቸው!» ብዬ ጮኽኩ። የሰፈራችን ሁሉ ራስ ምታት የሆኑትን፣ እሁድ ጠዋት በሞተር ድምፅ የሚቀሰቅሱኝን ሰውዬ ስመለከት መውረጃዬን ሁለት ፌርማታ አልፌው ነበር።

ወርጄ በእግሬ ስመለስ ብርማውን መኪና በእህትየዋ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ማንም አልወረደም። እህትየዋ ሻዩን አፍልታ በመስኮት ታያለች። መስታወቱ ከትንፋሻቸው የተነሳ ከውስጥ ጉም ለብሷል፤ ሁለት ጥላ ብቻ ይታያል፣ አንዱ የሚናገር፣ አንዱ ጎንበስ ብሎ የሚሰማ። ሥራ ሰዓቴ ካለፈ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። ቢሆንም ኮቴዬ እንዳይሰማ ቀስ ብዬ አለፍኩ። ከሃያ ሁለቱ ገና ሁለተኛውን ዓመት አልጨረሱም።