ወይዘሮ ሀውራ ከአመድ ደመና ጋር ሲደራደሩ

በየከተማው የመጀመሪያ ዋጋን እንደ ስድብ የሚቆጥር አንድ ሰው አይጠፋም። በሐይቅ ከተማ ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት ወይዘሮ ሀውራ ናቸው። «ኸረ ቀንስ፣ አላህም ይወደዋል!» ይላሉ፤ ሻጩ ገና አፉን ሳይከፍት። ቲማቲም ሻጮች ከሩቅ ሲያዩአቸው ዋጋ ይጨምራሉ፣ ዋጋው መውረዱ እንደማይቀር ያውቁታልና። ባጃጅ ነጂውን መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ እንዲቀንስላቸው ጠይቀውታል። ሐኪም በቀን ሦስት ጊዜ ያዘዘላቸውን ኪኒን ተከራክረው ሁለት ጊዜ አድርገውታል።

ኅዳር ላይ በአፋር በኩል እሳተ ገሞራ ያለበት ተራራ ፈነዳ። ከቀትር በኋላ በምሥራቅ ግራጫ ግድግዳ ተነሥቶ ሰማዩን ያዘ። የአምባሰል ተራራ እንኳ ከእርሱ ጎን ጉልቻ መሰለ። ባጃጆች ቆሙ።

ጎረቤታችን ምስጋናው የፊዚክስ መምህር ነው። «ይህ የእንጨት አመድ አይደለም» አለን፤ «የደቀቀ ድንጋይና መስታወት ነው። ትልልቁ እዚያው ተራራው ሥር ይወድቃል። ቀጥሎ አሸዋው ይራገፋል።»

«መንገድ ላይ ይቀንሳል ማለት ነው?» አሉ ወይዘሮ ሀውራ ነቃ ብለው።

«ይቀንሳል፣ እትዬ። ብናኙም እርጥበት ሲያገኝ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይከብድና ይወርዳል። በጣም ከፍ ብሎ የወጣውን የላይኛው ነፋስ ቀይ ባሕርን ያሻግረዋል። የታችኛው ነፋስ ወደ እኛ የሚያመጣው እንደ ዱቄት የላመውን ነው።»

ወይዘሮ ሀውራ ሻሻቸውን አጥብቀው ወደ ሰማይ ቀና አሉ። «ያ አላህ፣ ዱቄቱም በዛ። እሱንም ሐይቁ ላይ አድርገው!»

«ዓሣው ምን በደለ?» አለች የሺሀረግ።

«ዓሣ እንደሆነ ሲታጠብ ነው የሚውል!»

የሺሀረግ አጥር የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ናት። ሀብቷ በቅርቡ የወለደች አንዲት ላም ናት።

ማምሻውን አመዱ መጣ። ዝናብ ይንጫጫል፣ በረዶ ይደበድባል፤ ይህ ግን ድምፅ አልነበረውም። ፀሐይ በዓይን የምትታይ የመዳብ ሰሀን ሆነች። የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ጣሪያ አንድ ቀለም ያዘ። ከምድር ሆድ የወጣ ድንጋይ ነፋስ ላይ ተሳፍሮ መጥቶ ክንዴ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ አልተሰማኝም።

በማግስቱ የከብት ሐኪሙ ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ ከብት ሣር እንዳይግጥ አስጠነቀቀ፤ አመድ የለበሰ ሣር ይመርዛል። የሺሀረግ የአምናውን ጭድ ጨርሳለች፤ የዘንድሮው ጤፍ ገና አልተወቃም። ላሟ በረት ውስጥ ትጮኻለች።

«ብፈታት ትመረዝብኛለች፣ ባስራት ትራብብኛለች» ብላ አለቀሰች።

«አብሽሪ» አሉና ወይዘሮ ሀውራ እኔን አስከትለው ወደ ሙሐዲን ጭድ መጋዘን ገሰገሱ። ሙሐዲን ሌባ የሚያፍርበት ዋጋ ጠራ። ረጅም ክርክር ስለሚጠብቀኝ ግድግዳ ተደግፌ ተመቻቸሁ።

«ጫን» አሉት።

«እትዬ፣ ዋጋውን ሰምተዋል?»

«ጫን አልኩህ!»

ሙሐዲን ደነገጠ። «ወላሂ፣ አሞዎታል እንዴ?»

«ያን የሚያህል ሰማይ ተሸክሞት የመጣውን ጌታዬ እስከ ዱቄት ድረስ ቀንሶልኛል። እኔ በላም ቀለብ ልጨቃጨቅ?»

ጭዱን በረቱ ደጃፍ ስናወርድ የሺሀረግ እንባዋን ጠርጋ፣ «እስከ ስንት አወረዱት፣ እትዬ?» አለቻቸው። ወይዘሮ ሀውራ ዕድሜ ልካቸውን የኖሩት ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነው። እኔን ገላመጡና፣ «እንጃ፣ ረሳሁት» አሉ።

እኔም አፌን ያዝኩ። ላሟ ግን አፏን ጭዱ ውስጥ እስከ ዓይኗ ቀብራዋለች።