የቀረው ባል

የደሴቲቱ ምዕራባዊ ዳርቻ ቅርሶች ምዝገባ በወጣለት መርሐ ግብር መሠረት ተጀመረ። የመርከቦች መብራት ማማ ተመዘገበ። አሮጌው ወደብ ተመዘገበ። የጥንቱ ምሽግም ውስጡ ከተኛችው ፍየል ጋር ተመዘገበና ፍየሏን ከቦታዋ ማንቀሳቀስ በጥብቅ ተከለከለ።

ቀጥሎ መዝጋቢው የመረብ ጠጋኟን በር አንኳኳ። ባሏ ለዓሣ እንደወጣ ካልተመለሰ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ያኔ «አንዲት ጀልባ ልካችሁ ፈልጉልኝ» ብላ ብታመለክት፣ «ለጊዜው ጀልባ የለም፤ መልሱን ቤትሽ ሆነሽ ጠብቂ» ተብላለች። እሷም ጠበቀች። ደብተር የያዘ ሰው ደጃፏ ላይ ስታይ መልሱ የመጣ መሰላት።

«እትዬ፣ ከድሮው የቀረ አለ?»

«አለ እንጂ! ባሌ ነው የቀረው።»

«ስንት ዘመን ሆነው?»

«አሥራ አንድ ዓመት።»

«ለቅርስነት ትንሽ ለጋ ነው። ግን ይሁን» አለና ጻፈ፦ የቀረ ባል። ብዛት፦ አንድ። ዕድሳት፦ ያልተደረገለት።

በወሩ በሯ ላይ ሰሌዳ ተመታ፦ «ቁጥር አራት። የቀረ ባል። መንካት ክልክል ነው።» ጎብኚ ጎረፈ። አንዷ ጎንበስ ብላ አልጋ ሥር አየች። አንዱ ደግሞ፣ «መቼ ነው የሚመጣው?» አላት።

«እሱን እኔም እጠይቃለሁ» አለችው።

የጎብኚዎች ቅሬታ ሲበዛ የቅርስ ምዝገባው ኃላፊ ኮሚቴውን አስከትሎ መጣ።

«ቅርሱ የታለ?»

«ቀረ አልኳችሁ እኮ!»

«ከቀረማ እዚህ መኖር አለበት።»

«ጌታዬ፣ እዚህ ቢኖር ቀረ እላለሁ?»

ኃላፊው ፊቱን አጠቆረ። «ስሚ ሴትዮ፣ ያንቺ ባል ብቻ መሰለሽ? የትውልድ ሀብት ነው! ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው የት ነው?»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቃት አልነበረም። ወደ ባሕሩ ጠቆመች። «ከዚያ ጥቁር ቋጥኝ ማዶ።»

ኃላፊው ስልኩን አወጣ። «ከመዝገብ የጎደለ ንብረት አለ!»

ሰዓት ሳይሞላ ሦስት ጀልባዎች ከነጠላቂዎቻቸው ባሕሩን ያስሱት ጀመር።

ጎረቤቷ ወጥታ አጠገቧ ቆመች። «ኧረ ምን ጠፍቶባቸው ነው?»

«ንብረት» አለች መረብ ጠጋኟ፣ ዓይኗን ከቋጥኙ ሳትነቅል። «ሰው የጠፋ ጊዜማ ጀልባ አልነበረም።»