የአያ ቀለሙ ቁጣ

የሰው ዕቃ የሚጠግን ሁሉ መጀመሪያ የሚጠግነው ባለቤቱን ነው። ሰዓት ሠሪውም፣ ጫማ ሰፊውም፣ መካኒኩም ያው ናቸው፤ ሳይቆጡ እጃቸው ሥራ አይዝም። የነዚህ ሁሉ አለቃ ግን ቢቸና ገበያ ዳር ወናፋቸውን የተከሉት ክቡር አያ ቀለሙ፣ ብረት ቀጥቃጩ ናቸው።

ማረሻ ሊያስሾል የሄደ ገበሬ ንስሐ እንደሚገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። «ለመሆኑ ማረስ ማን ነው ያስተማረህ?» ይላሉ ብረቱን ገልብጠው እያዩ። መልስ አይጠብቁም። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ መጥረቢያቸው ዶልዱሞ ቢያመጡት «ቅኔው ይበቃዎታል፣ እንጨቱን ለኛ ይተዉልን» ተባሉ። ባጃጅ ነጂው አስናቀው የተጣመመች ብረት ይዞ ሄዶ ስለ አነዳዱ ብዙ ሰምቶ ተመለሰ። እኔም ለአንዲት ዶማ ስል ከቢሮዬ ባልወጣ እንደሚሻለኝ ተነግሮኛል። እውነታቸውን ነው፤ ግን ሰው ፊት ነበር።

በሰኔ መጀመሪያ እንደገና ወረፋ ይዤ ሳለሁ ዘርፈሽ መጣች። ባሏ ከሞተ ገና ስድስት ወሩ ነው። ዘመዶቿ «ሴት እርፍ አትጨብጥም፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ስጪው» እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጥተዋታል። እሷ ግን በሬዎቹን ራሷ ጠምዳ እያረሰች ነው። ጫፉ የተሰበረ ማረሻ አቀረበች።

ሁላችንም ቁጣውን ጠበቅን። አያ ቀለሙ ብረቱን አዩት፤ እሷንም አዩዋት፤ ዝም ብለው እሳት ውስጥ ከተቱት። ቀጥቅጠው፣ አሹለው፣ ውኃ ነክረው በሁለት እጃቸው ሰጧት።

«እግዜር ያጽናሽ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

አዝነውላት ነው። ዘርፈሽ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«አያ ቀለሙ፣ ሰውን ሁሉ ሲቆጡ እኔን የተዉኝ ገበሬ ስላልሆንኩ ነው?»

ሰውዬው ደነገጡ። መዶሻቸውን አስቀምጠው «ወዲህ በይው!» አሉና ማረሻውን ነጠቋት።

«ይሄን ድንጋይ ላይ ስትጎትቺው ዓይንሽ የት ነበር? እርፉን እንደ ጠላት የምትጫኚው ምን አርጎሽ ነው? ቀለል አርገሽ ያዢው እንጂ! ደግመሽ እንዲህ ሰብረሽ ብትመጪ ከደጄ አላስደርስሽም!»

ሩብ ሰዓት ሙሉ ተቆጧት። ደግሞ ከወናፋቸው ተነሥተው፣ አንድ እንጨት ይዘው፣ እርፍ እንዴት እንደሚያዝ መሬቱ ላይ እያረሱ አሳዩዋት። ሌላውን ሰው ከመስደብ አልፈው ሲያስተምሩ አይቼ አላውቅም። እኒህን ተሳዳቢ ሽማግሌ እንደምወዳቸው ያወቅሁት ያኔ ነው።

ዘርፈሽ ማረሻዋን ተሸክማ በአጠገቤ ስታልፍ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ፊቷ ግን ይስቃል።

«ባሌንም ልክ እንዲህ ነበር የሚቆጡት» አለችኝ።