አስታራቂው ጋሽ ሐብተማርያምና የይቅርታው ድንጋይ

ሁለት ሐበሻ በተጣላበት ቦታ ሁሉ ሳይጠሩት የሚደርስ ሦስተኛ ሐበሻ አለ። አምቡላንስ ይዘገያል፤ እሱ አይዘገይም። ፈረንጅ አገር ያለችው የኩን ራፒድስ ከተማ ሦስተኛ ሰው ክቡር ሊቀ አስታራቂያን ጋሽ ሐብተማርያም ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ጋቢያቸው ከመኪናቸው የኋላ ወንበር የማይጠፋ፣ «እግርና እግርም ይጋጫል!» ሳይሉ የሰው ቤት የማይገቡ።

ጠብ ከሸተታቸው ሌላ አይታያቸውም። በረዶ አንሸራትቷቸው የተጋጩ ሁለት ሾፌሮችን ፖሊስ ሳይደርስ አሳሳሟቸው። ፖሊሱ ሲመጣ ሁለቱም «ጥፋቱ የእኔ ነው»፣ «ኧረ የእኔ ነው» እየተባባሉ ነበር፤ ኢንሹራንሶቹ እስከ ዛሬ ግራ እንደገባቸው ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ በአይስክሬም የሚጨቃጨቁ ፈረንጅ ባልና ሚስት መሐል ገብተው ደግሞ ሴኩሪቲ አስወጥቷቸዋል። «ቢሆንም እየሳቁ ነው የሄዱት» ይላሉ እስካሁን።

እንግዲህ አሳምነው የሚባል የሰፈራቸው ሰው ሚስቱን ሶሊያናን ደበደበና፣ ፍርድ ቤቱ «አትቅረባት፣ አትደውልላት፣ ሰውም አትላክባት» የሚል የጥበቃ ትእዛዝ አወጣበት። ጋሽ ሐብተማርያም ትእዛዙን እንደ ስድብ ቆጠሩት።

«ለመሆኑ ዳኛው ሽማግሌ መኖሩን ሰምቷል?»

«ሰው አትላክ ይላል እኮ» አሉ ባለቤታቸው እትዬ ገነት።

«ሽማግሌና ሰው አንድ ነው እንዴ!»

ሶሊያና ከባሏ ሸሽታ ኢገን የምትባል ሌላ ከተማ የተከራየችውን አፓርትመንት የሚያውቁት ዕቃዋን ያጓጓዙላት እነሱ ባልና ሚስቱ ብቻ ነበሩ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ ሐብተማርያም አሳምነውን ከመኪናቸው አስገቡት። በወጉ ከሆነ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው። ከአበባቸው መደብ ዳር አንድ ድንጋይ አነሡለት፤ አንገቱን እንዳይጎዳው ብለው ቀለል ያለውን መረጡ፤ አንጀታቸው አይችልም። አሳምነው መንገዱን ሙሉ አለቀሰ።

ሶሊያና በበሩ ቀዳዳ የእሳቸውን ፊት ስታይ «ጋሼ! እንኳን ደህና መጡ» ብላ ከፈተች። ከዚያ ከኋላቸው አንገቱ ላይ ድንጋይ አድርጎ የተንበረከከውን ሰውዬ አየች። ጋሽ ሐብተማርያም በሽምግልና ዘመናቸው የተቆጣ ፊት፣ ያኮረፈ ፊት አይተዋል። እንደዚያ ደም የሸሸው ፊት ግን አይተው አያውቁም።

«ጋሼ፣ እርስዎ?» ብቻ አለች። በሩን ዘግታ ቆለፈች። ፖሊስ ስትጠራ ድምጿ ከውስጥ ይሰማ ነበር።

አሳምነው ተነሣ። ያ ሁሉ እንባ የት እንደገባ እግዜር ይወቅ። ድንጋዩን ከአንገቱ አወረደና በሩ ላይ ወረወረው።

ጋሽ ሐብተማርያም ክው አሉ። የይቅርታ ድንጋይ ሲወረወር አላዩም፤ ካባቶቻቸውም አልሰሙም። ሰውዬው ድንጋዩን ደግሞ ሊያነሣ ሲያጎነብስ በሩ ላይ ተለጥፈው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «መጀመሪያ እኔን!» አሉ። ፖሊስ እስኪደርስ ከዚያ አልተነቃነቁም።

ሁለተኛው ድንጋጤ በሳምንቱ መጣ። አሳምነውን ነዳጅ ማደያ ቡናውን ይዞ ቆሞ አገኙት። ትእዛዝ መጣሱ እንደ ቀላል ጥፋት ታይቶለት ተለቋል። «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ደግሞ ይሞክሩልኝ» አላቸው እየሳቀ። በማንም ላይ እጃቸውን አንሥተው የማያውቁት ሰው ያን ቀን ሊመቱት ምንም አልቀራቸውም።

ሕግ አውጪዎቹ የእንዲህ ያለውን ጥፋት ቅጣት ስለማጥበቅ በሚነጋገሩበት ቀን ጋቢያቸውን ለብሰው ሴንት ፖል ከተማ፣ ካፒቶል ከሚባለው የግዛቱ ምክር ቤት ተገኙ። ማይኩ ፊት ሲቀርቡ አስተርጓሚዋ «እግርና እግርም» ብለው እንዳይጀምሩ ፈርታ ነበር።

«እኔ አስታራቂ ነኝ» አሉ። «ሰው ይታሰር ስል ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ወደ በሯ መርቼ ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ትእዛዙን ንቄው ነበር። እሱም የናቀው ምንም እንደማይመጣበት ስላወቀ ነው። አጥብቁት። ለእኔ ቢጤውም ጭምር አጥብቁት።»

ሶሊያና ቤት ቀይራለች። አዲሱን የሚያውቁት እትዬ ገነት ብቻ ናቸው። ማን ከማን እንደተኳረፈ ሳያጣሩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ጋሽ ሐብተማርያም፣ ሚስታቸው ምግብ ቋጥረው ወደሷ ሊሄዱ ሲነሡ መስኮቱ አጠገብ አይቆሙም፤ መኪናዋ በየት በኩል እንደምትታጠፍ ማየት አይፈልጉም። «እንዳትነግሪኝ» ይላሉ። «ሰው ሲያለቅስብኝ አልችልም፤ አውጥቼ እናገረዋለሁ።» እንዲህ ራሱን የሚያውቅ ሰው እንዴት አይወደድ?

ባለፈው እሑድ እትዬ ገነት ሲመለሱ «ሰላም ብላሃለች» አሏቸው።

ጋሽ ሐብተማርያም ብዙ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዋጡት።

«በሩ ጠንካራ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ጠንካራ ነው።»

«በይ፣ ሌላውን ተይው።»