የሞተ ሰው ሹመት

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ነው፤ ወሩ መጋቢት። ሙቀቱ ጠንቷል። ክረምት በውሃ የሚዋጠው የፎገራ ሜዳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ላሞች እግራቸው ስንጥቁ ውስጥ እየገባ ያነክሳሉ።

ድንጋጤ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ያስጮሃል፤ ሌላው ቁጭ ያደርጋል። እኔ ጩኸት ልማዴ አይደለም። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልሄድሁም፤ ጎረቤቶቼ ግን ከአራት ቃል በላይም አይናገርም እያሉ ያሙኛል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ኖሬአለሁ። ስለዚህ ዛሬ ባወራ ብዙ አላቆያችሁም።

ልጄ ፀሐይ ወረታ ከተማ ቤት ተከራይታ ትማራለች። የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ነበርና እናቷን ልታግዝ በዋዜማው መጣች። ሞፈር እየጠረብሁ ሳለ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ "አባዬ፣ ህንድ አገር አንድ መነኩሴ የክልል ገዥ ሆነ" አለችኝ።

መጥረቢያው አየር ላይ ቀረ።

ሰውየው በጉብዝናው ወራት እናት አባቱን ትቶ ወደ ቤተ አምልኳቸው ገባ አሉ። ሚስት የለው፣ ጎጆ የለው። ኋላ አገሬው ምክር ቤት ላከው፤ ደጋግሞም ላከው፤ አሁን ደግሞ የአንድ ክልል ራስ ሆነ። ያ ክልል ሕዝቡ ከእኛ አገር ሁሉ ሕዝብ ይበልጣል። በስልኳ አሳየችኝ። የምናኔ ልብሱን እንደ ለበሰ ሹማምንት መሐል ቆሟል።

"ላምም አያርዱም" አለች።

"ይህስ ለፎገራ ላም ደግ አገር ነው" አልሁ።

ምን አስደነገጠህ ትሉኝ ይሆናል። በእኛ ዘንድ የመነኮሰ ሰው የሞተ ነው። ይህን ለአባባል ያህል አልልም፤ በሚመነኩስበት ዕለት መሬት ላይ ያጋድሙትና ለሙት የሚጸለየውን ይጸልዩለታል። የበኩር ልጄ ጌትነት አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆናል ሲል፣ ከጣና ገዳማት በአንዱ መነኮሰ። ሥርዓቱን ቆሜ አይቻለሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ንፍሮ ይዞ ጠበቀን። በሕይወት ላለ ልጅ ለቅሶ ተቀመጥን። እንግዲህ የሞተ ሰው እንዴት ይሾማል?

ጉዱ ግን ገና ነበር። ቀበሌያችን ያን ጊዜ ሊቀመንበር አልነበረውም። በጋ በመጣ ቁጥር የሽንኩርት መስኖ ያባላናል። ከላይ ያለነው የውሃ ሞተራችንን ወንዙ ላይ ደቅነን እናጠጣለን፤ የታችኞቹ ሽንኩርታቸው ይጠወልጋል። የተሾመው ሁሉ ወይ የላይኞቹ ዘመድ፣ ወይ የታችኞቹ አማች ይሆንና ይወርዳል። በዚያ ሰሞን ዱላ መማዘዝ ተጀምሮ፣ ደም ሊፈስ ምንም አልቀረውም።

ማኅበሩ ተቀምጦ ፀሐይ ጠላ እየቀዳች የህንዱን ነገር አወራች። የማኅበሩ ታላቅ፣ አያ ቢያድግ፣ ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

"ከሰው መርጦ ለሹመት፣ ከእንጨት መርጦ ለታቦት ነው። መሬት የሌለው፣ ለዘመድ የማያደላ ሰው እኛስ መች አጣን!"

"ማን ነው እሱ?" አለ አንዱ።

"የዚህ የዝምተኛው ልጅ ነዋ!"

"ኧረ አያ ቢያድግ፣ እሱ እኮ ሙቷል!"

"ደግ ነዋ! የሞተ ሰው ጉቦ አይበላ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ግን ነገሩ የምር ሆነ። እኔ ፊት ሁኜ፣ ሽማግሌ ተከትሎኝ፣ ገዳም ገብተን ለምነን ልናወጣው! "የአባቱን ቃል አያልፍም" አሉ። ያራደኝ ይህ ነው፤ እውነታቸውን ነዋ። ጌትነት እንቢ ብሎኝ አያውቅም። ሲመነኩስ እንኳ ፈቃዴን ጠይቆ ነው። አንድ ቃል ብናገር ቆቡን ያወልቃል።

ሚስቴ እናኑ ከጓዳ ብቅ አለች። "የጌትነት አባት፣ ሂድ አምጣልኝ። አንድ ቀን ከእጄ ይብላ" አለች።

እስቲ እናንተ በእኔ ቦታ ሁኑ። ወዲህ ደም ሊፋሰስ ያለ መንደር፤ ወዲያ የእናት ዓይን። ህንዶቹ ምናኔውን ከሹመቱ እንዴት እንዳስማሙት እነሱ ያውቃሉ። እኛ ግን የሰጠነውን መልሰን አንቀበልም።

ተነሥቼ ቆምሁ።

"ልጄን ከሞቱ አላስነሣም" አልሁ። "ወንበሩን እኔ እይዘዋለሁ።"

ቤቱ ክው አለ። ከሁሉ የባሰ የደነገጥሁት እኔው ነኝ።

"አንተ? ስብሰባ ላይ ምን ልትል?" አሉ አያ ቢያድግ።

"ምንም።"

ትክ ብለው አዩኝና ከት አሉ። "የሚያወሩትንማ አየናቸው፤ እስቲ ደግሞ ዝም የሚል እንይ!"

እናኑ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችልኝም። ዝምታ እንዲህ ይከብዳል ለካ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። የቀበሌው ጉባኤ እጅ አውጥቶ በመረጠኝ ማግስት ወንዝ ወረድሁ። ላይኞቹም ታችኞቹም ዱላቸውን ተደግፈው ዳር ቆመዋል። የራሴን ሞተር አጠፋሁ፤ ቱቦውን ከውሃው ጎትቼ አወጣሁ። "ተራው ከታች ይጀምራል" አልሁ። ለመጀመሪያ ስብሰባዬ ይህ በቃኝ።

ቤት ገብቼ እናኑን፣ "ስንቅ ቋጥሪ፤ ጣና እንወርዳለን" አልኋት።

ቀና አለች። "ልናመጣው?"

"መስቀሉን ልንሳለም።"

ኋላ ተነሥታ ሽንብራ ትቆላ ጀመር፤ እኔም አህያዋን ልጭን ወጣሁ።