ማዳም አልባ ልትሄድ ነው

በየሰፈሩ አንድ «ልሄድ ነው» ባይ አይጠፋም። ሻንጣው በር ሥር፣ ልቡ ባሕር ማዶ፣ እሱ ራሱ ግን ዘላለም እዚያው ነው። ሰላምታው እንኳ ስንብት ይመስላል። የድሬዳዋ ከዚራ ሰፈሯ ግን ከሁሉም ትበልጥ ነበር። ስሟ ሮዛልባ ነው፤ ሰፈሩ አሳጥሮ «ማዳም አልባ» ይላታል።

መካኒክ አባቷ ከቶሪኖ ወደ ድሬዳዋ ሲያመጣት አራት ዓመቷ ነበር። ስለዚህ ጣልያንን የምታውቀው አንድ ሕፃን ከመርከብ ላይ ዘወር ብሎ ባየው ልክ ነው። ይህ ግን ከመመስከር አላገዳትም። «በእኛ አገር ፀሐይ እንኳ ሥርዓት አላት» ትላለች፣ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀለች። «በእኛ አገር አቧራ የለም። በእኛ አገር ቲማቲም እንዲህ አይፈርጥም።» የመጋላ ገበያ ነጋዴዎች ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ቲማቲማቸውን ይሸፍኑ ነበር።

አጥር የምትጋራት ልብስ ሰፊዋ ሃምዳ ናት። ሃምዳ አርባ ዓመት ሙሉ «መስከረም ሲጠባ እሄዳለሁ» ሲባል ሰምታለች። የመጀመሪያውን እውነት መስሏት የጉዞ ቀሚስ ሰፋችላት። የማዶዋ ጎረቤት በለጠች ደግሞ በርበሬ አስፈጭታ ሰጠቻት። ክብርት ማዳም ስጦታውን ተቀበለች፣ ሁሉንም እያቀፈች አለቀሰች፤ ከዚያም ቀሚሱን ለብሳ በርበሬውን እዚያው ከዚራ በልታ ጨረሰችው።

ሦስት ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄዳ ተመልሳለች። ዐብዲቃድር በባጃጁ ያደርሳታል፤ ሞተሩን ግን አያጠፋም። አንዴ «ነፋሱ አላማረኝም» አለች። አንዴ የአውሮፕላኑ መስኮት ቆሽሿል አለች። በሦስተኛው ዘበኛው «መልካም መንገድ» ቢላት፣ «ምነው፣ ምን አስቸኮለህ?» ብላ ተቆጥታ ከበር ተመለሰች።

«አቦ ማዳም፣ ወይ ሂጂ ወይ ተቀመጪ!» ትላታለች ሃምዳ። ድሬ ላይ አንቱታ የለም፤ ፀጉር ሁሉ ቢሸብት አንቺ ነው።

«ልጄን ሳላያት ልሙት?»

«ሂጂና እያት ታዲያ።»

«ሰይፈ ሚካኤልን ለማን ጥዬ?»

ቀልዱ እዚህ ላይ ያልቃል። ከባቡር ነጂው ባሏ ከይትባረክ ሁለት ልጆች ወልዳለች። በስልሳ ዘጠኙ የሶማሊያ ጦርነት ከተማው ሲደበደብ የዘጠኝ ዓመቷን ማርቲን «ለሁለት ወር» ብላ ከአክስቷ ጋር ወደ ቶሪኖ ላከቻት። ያ ሁለት ወር አላለቀም። ማርቲ እዚያው አደገች፣ እዚያው አገባች፤ አማርኛዋ ከጥቂት ቃላት በቀር አለቀ። ባል ሞተ። ወንዱ ልጅ ሰይፈ ሚካኤል ባቡሩ ሲቆም ሥራው ቆመ፤ ቆይቶ ኩላሊቱ ታመመ። እናት አንድ እግሯ ወደ አንዱ ልጇ፣ አንድ እግሯ ወደ ሌላዋ፣ እንደቆመች አረጀች።

አምና ሰይፈ ሚካኤል ሞተ። ማርቲ ለአርባው መጣች፤ ሰማንያ ያለፋትን እናቷን ይዛ ልትመለስ ቆረጠች። በመሄጃዋ ቀን ማዳም አልባ ስለ ነፋሱም ስለ መስኮቱም ምንም አላለችም። ሃምዳን ያስፈራት ይኼ ነበር። ተቃቀፉ። ማዳም የሃምዳን ሻሽ ጫፍ አስተካከለችላትና ባጃጁ ውስጥ ገባች።

«አልሐምዱሊላህ፣ አረፍኩ» አለች ሃምዳ ለሰፈሩ። ማንም አላመናት።

በአራተኛው ወር ማርቲ ደወለች። እናቷ ወድቃ ጭንቅላቷን ተመትታለች፤ አሁን የአረጋውያን ማረፊያ ናት። ጣልያንኛው ጠፍቷል፣ አማርኛውም ተከትሎ ጠፍቷል፤ ከሰፈር ልጆች ጋር ስትጫወት የለመደችው ኦሮምኛ ብቻ ቀርቷል። ማርቲ ደግሞ ኦሮምኛ አታውቅም።

«ሃምዳ፣ ቢሻን ማን ነው?» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። «እናቴ ሁልጊዜ እሱን ይጠራል። ነርሶች የድሮ ወዳጅ ነው ይላሉ።»

የሃምዳ መቀስ ከእጇ ወደቀ። «ሰው አይደለም! ውሃ ነው! ቢሻን ማለት ውሃ ነው፣ ጠምቷት ነው! ስጧት!»

በስልኩ ውስጥ ሩጫ ተሰማ፣ ቀጥሎ የብርጭቆ ድምፅ፣ ቀጥሎ አንዲት አሮጊት ስትጠጣ። ብዙ ጠጣች።

ከዚያ ወዲያ ሃምዳ በየቀኑ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በስልክ አስተርጓሚ ሆነች። ትራሷን ከፍ አድርጉላት። እግሯን በርዷታል። ሾርባው ጨው የለውም ትላለች። ስለ ነርሶቹ አፍንጫ የምትለውን ግን ሃምዳ ሳትተረጉም ታልፈዋለች። ደንበኞች «ቀሚሴስ?» ብለው ቢመጡ፣ «ቆዩ፣ ጣልያን ላይ ነኝ» ትላቸዋለች።

በሚያዝያ አንድ ቀን ስልኩ ሳይጠራ ዋለ። በማግሥቱ ጠዋት ጠራ።

«እናቴ ሞተ» አለች ማርቲ። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ አለቀሱ። «ትናንት ሲናገር ቀዳሁት። የመጨረሻ ነው። ያንቺ ስም ሰማሁ፣ ሌላው አልገባኝም። ስለ እኔ ነው?»

ድምፁ ተላከላት። ሃምዳ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች። ቀጭን፣ የተቆራረጠ፣ ግን ያለ ጥርጥር እሷ ናት። በኦሮምኛ እንዲህ ትላለች፦ «ሃምዳ… አቦ ሃምዳ፣ ክፈቺልኝ። ውጪ ነኝ። ማንም የለም። በሩን ክፈቺልኝ።»

ይኼው ነው። የማርቲ ስም የለበትም። ሃምዳ ሁለተኛ ሰማችው። ከዚያ ለማርቲ ደወለች።

«ምን አለ?» አለች ማርቲ።

«‹ሃምዳ፣ አታስቢ፣ ልጄን አግኝቻለሁ፣ አጠገቤ ናት› ነው ያለችው።»

«እውነት?»

«ወላሂ» አለች ሃምዳ።

በስልሳ ስምንት ዓመቷ የአላህን ስም ለሐሰት ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበር።