ከጤፍ የምታንሰዋ ምስክር

ወሬውን ሁሉ ወደ ሙያው የሚጠመዝዝ ሰው የሌለበት ሰፈር ፈጣሪ አልሠራም። ስለ ዝናብ አንሱለት፣ ስለ ሠርግ አንሱለት፣ ስለ ጥርስ ሕመም አንሱለት፤ ሁለት ቃል ሳትጨርሱ የእሱ ሜዳ ላይ ቆማችኋል። ለሾላ ገበያ የተሰጡት ክቡር ዶክተር ገብረሃንስ ነበሩ፤ የጭቃ ሊቅ፣ የሙት ሐይቅ ጠበቃ።

ዶክተሩ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከጉርድ ሾላ በእግራቸው እየመጡ የሚደገፉት የጤፍ ነጋዴዋን የፈሂማን በር ነው። ከዚያ ይጀመራል። በስምጥ ሸለቆ የደረቀ አንድ ጥንታዊ ሐይቅ አለ፤ ጭቃው ውስጥ ኦስትራኮድ የሚባሉ፣ በሁለት ቅርፊት እንደ ባቄላ የተከደኑ ደቃቅ የውሃ ፍጥረታት ቅሪት ተነባብሯል። የታችኞቹ ጀርባቸው ለስላሳ፣ የላይኞቹ ጉብታ የበዛበት። እዚያው ሐይቅ ውስጥ እንዳሉ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ ሲደራረብ፣ ሌላ ዘር ሆኑ ይላሉ ዶክተሩ።

“ሐይቅ ማኅፀን ነው፣ ፈሂማ።”

ፈሂማ የምታውቀው ግን ያ ማኅፀን ስንት ደንበኛ እንዳባረረባት ነው። ቦሌ መንገድ ሲቆፈር ታክሲ አስቁመው፣ ጭቃ በመሐረብ ቋጥረው ተሳፍረዋል፤ ወያላው ለየትኛው በሽታ እንደሚሆን ጠይቋቸዋል። አጎቷ የሞቱ ጊዜም ለቅሶ ደርሰው፣ ሞት እንኳ ጥሩ ጭቃ ካገኘ እንደማይከፋ አጽናንተዋታል።

በ፲፱፻፹፰ ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ግን ፊታቸው እንደ አራስ በርቶ፣ ክዳን ያለው ትንሽ ብርጭቆ በመዳፋቸው ይዘው መጡ። ሲፈልጓት የኖሩት መካከለኛዋ ቅርፊት ተገኝታለች፤ ግማሽ ለስላሳ፣ ግማሽ ጉብታም። የዩኒቨርሲቲው ወጣቶች፣ ጉብታሞቹ ከሌላ ውሃ የመጡ እንግዶች እንጂ የለስላሶቹ ልጆች አይደሉም እያሉ ሲያላግጡባቸው ኖረዋል። ሰኞ እነሱው ሊያዩአት ነው። ዶክተሩ ሌላ ምስክር የላቸውም።

ከጤፍ እንደምታንስ ካላሳየኋት አታምነኝም ብለው፣ የቀጭኗን ብሩሽ ጫፍ በከንፈራቸው አርጥበው ቅርፊቷን አነሱና በፈሂማ ሰፌድ ላይ ከአንዲት የማኛ ፍሬ አጠገብ አስቀመጧት። ወይም ያስቀመጧት መሰላቸው። አጉሊ መነጽራቸውን ቢደቅኑ፣ ጤፍ ብቻ።

ለተስካር ጤፍ ልትሸምት የመጣችው የሺአረግ፣ ታክሲ አቁማ የቸኮለች፣ የሰፌዱም ይጨመርልኝ አለች።

“ይሄ አይሸጥም” አለች ፈሂማ።

“ጤፍ ቤት ጤፍ አይሸጥም?”

“ዘመድ ጠፍቶብናል።”

የሺአረግ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ የጠፋው ዘመድ ሰፌድ ላይ ለምን እንደሚፈለግ ሳትጠይቅ አብራ ጎንበስ አለች። ሁለቱ ሴቶች በጣታቸው ጫፍ ፍሬ ከፍሬ ለዩ። ሲቆይ ዶክተሩ ብሩሻቸውን አዩ፤ እንደ ልማዳቸው መልሰው ከንፈራቸው ውስጥ ከተውት ነበር።

“በልቻታለሁ” አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

ፈሂማ ያን ፊት አይታ አታውቅም። አጉሊ መነጽሩን ከእጃቸው ነጠቀች።

“ዶክተር፣ አይተንፍሱ።”

ነጭ ሪዛቸው ላይ፣ ከአንዲት ጸጉር ሥር፣ ነጭ ነገር ተለጥፏል። ጉብታዋ ይታያል። በብሩሹ ጫፍ አንስታ ብርጭቆው ውስጥ መለሰቻት፤ ዶክተሩም ከደኗት።

የሺአረግ ተመስገን አለች። ፈሂማ ግን ሰውየውን ታያለች። ደንበኛ ገባ፤ ዶክተሩ ስለ ሐይቁ አላነሱለትም። ሌላው ስለ ዝናቡ አማረረ፤ አሁንም ዝም። ስንት ዓመት ስትመኘው የኖረችው ጸጥታ ሱቋ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ፣ ወላሂ፣ የሰው ሱቅ መሰላት።

“ውሃው ሲቀየርባት ነው አይደል” አለች፣ ጤፉን እያነፈሰች፣ “ጉብታ ያወጣችው?”

ዶክተሩ ቀና አሉ። መነጽራቸውን ጠረጉ።

“እንደሱ ብቻ አይደለም፣ ፈሂማ” አሉ፤ እሷም ገና ያኔ እፎይ አለች።